ደብረ ሊባኖስ በአንድ ቀን

የካቲት 3 ቀን 1980፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁት የቧንቧ መስመር ልመዘግብበት ነበር። ሽፋኑ ላይና በየገጹ ራስጌ «ዕለታዊ ቁጥጥር» የሚል ታትሟል። ዛሬ ለሌላ ነገር ፈለግሁት።

ደብዳቤው አጭር ነው። በማኅደርዎ በሰፈረው የልደት ዘመን መሠረት ሃምሳ አምስት ዓመት ስለሚሞላዎ ከሰኔ 30 ቀን 1980 ጀምሮ በጡረታ ይሰናበታሉ።

ሃምሳ አምስት አይሞላኝም። ሃምሳ አንድ ነው የሚሞላኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። በ1946 የውሃ ክፍሉ ሰው ሲቀጥር ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው አይቀበልም ነበር። አሥራ ሰባት ነበርኩ። ሃያ አንድ አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ቁመቴን አየና ጻፈ። ሠላሳ አራት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም።

ሥራዬ መሄድ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ካለው የውሃ ማጠራቀሚያ እነሳና ዋናውን ቧንቧ ተከትዬ በሽሮ ሜዳ፣ በአዲሱ ገበያ፣ እስከ ሸጎሌ እሄዳለሁ። በየመጋጠሚያው የብረት ዘንጌን ቧንቧው ላይ አቁሜ ጫፉን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። የሚያፈስ ቧንቧ ያፏጫል። ደህናው ዝም ይላል። ዝም ካለ «ደህና» ብዬ እፈርማለሁ።

ለየሺ አልነገርኳትም። ሚስቴ ናት፤ መንገር ነበረብኝ። ነገ።

የካቲት 5፣ ቅዳሜ

የሠራተኛ አስተዳደር ሄጄ ዕድሜዬ አራት ዓመት ተጨምሮ መጻፉን ነገርኩ። ማኅደሬን የከፈተችው ሴትዮ ድምፅዋ ቀጭን ነው። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

«የክርስትና አባትዎ በሕይወት አሉ?»

አሉ። አባ ብርሃኔ፣ ደብረ ሊባኖስ። በጣሊያን ጊዜ ለገዳሙ እንጨት የሚፈልጡ ጎልማሳ ነበሩ። የመነኮሱት ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ነው።

«እንግዲያው የተወለዱበትን ዓመት መስክረው የገዳሙ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያምጡልኝ። ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። ተስፋ ግን አልሰጥም።»

ዓመቱ የማይረሳ ነው። በ1929 ግንቦት፣ ጣሊያን የገዳሙን ሰው በፈጀበት ጊዜ። እናቴ ስለዚያ ግንቦት አፏን ከፍታ አታውቅም። ሁለት ልጆች እንደነበሯት፣ አንዱ በዚያ ሰሞን እንደተወለደ፣ አንዱ በዚያው ሰሞን እንደሞተ አክስቴ ነግራኛለች። እንግዲህ ትልቁ ሞተ፣ ትንሹ እኔ ቀረሁ።

የሺ አሁንም አታውቅም።

የካቲት 6፣ እሑድ

ሸፊ ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች ድርና ማግ ይሸጣል። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ስኳር አለበት፤ ሐኪሙ «ሂድ» ብሎታል። ሱብሂ ሰግዶ ሲወጣ መስጊዱ በር ላይ እጠብቀውና እስከ እንጦጦ ማርያም እንወጣለን። እንዲህ ከጀመርን ሦስተኛ ዓመታችን። ሁልጊዜ በግራዬ በኩል ነው የሚሄደው። ወገቡ ወደዚያ ያዘነብል ይሆናል።

ደብዳቤውንም ከገዳሙ የማመጣውን ወረቀትም ነገርኩት።

«ሃምሳ አንድ ነኝ ነው የምትለው?»

«ነኝ።»

«ታዲያ በአውቶቡስ ሄደህ ያመጣኸውን ወረቀት ማን ያምናል? በአውቶቡስማ የመቶ ዓመት ሽማግሌም ይሳፈራል።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በ1947 እናቴ ስታርፍ ጎህ ሲቀድ ከአዲሱ ገበያ ተነስቼ ጀንበር ሳትጠልቅ ገዳሙ ደርሻለሁ። መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ያኔ አሥራ ስምንት ነበርኩ።

«በእግሬ እሄዳለሁ» አልኩ። «በአንድ ቀን። ለግንቦት ተክለ ሃይማኖት።»

«ወላሂ አብደሃል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ካበድኩ ቆየሁ። ስንት ወር አለን?»

የካቲት 7፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። ሸፊ በጣቱ ቆጠረ። የኔ ጾም እስከ ሚያዝያ 1። የሱ ረመዳን ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ግንቦት 8 ገደማ፣ ጨረቃዋ እንዳለችው። ሁለታችንም በልተን የምንሮጠው ስምንት ቀን ብቻ ነው።

«ስምንት ቀን ለሁለት ሽማግሌ ይበዛል» አለ።

እኔ ሽማግሌ አይደለሁም።

የካቲት 20፣ እሑድ

ሱሉልታ ደርሰን ተመለስን። ደንብ አወጣን። ዳገቱን እንሄዳለን፣ ሜዳውን በሶምሶማ፣ ቁልቁለቱን ቀስ። ጉልበት የሚሰበረው ቁልቁለት ላይ ነው።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አዩን። አንዷ ከነሸክሟ ቆማ፦

«አባባ፣ ማን አባረራችሁ?»

ሸፊ «ሚስቶቻችን!» አላት። እየሳቁ ወረዱ።

ስንመለስ አንድ የጭነት መኪና ሊገጨኝ ነበር። ሸፊ በኮሌታዬ ጎትቶ አስፋልቱ ዳር ጣለኝ። ሹፌሩ ጡሩንባ እንኳ አልነፋም። ሸፊ ነፍቷል ይላል። ነፍቶስ ቢሆን ከሩቅ ነው።

የካቲት 29፣ ማክሰኞ

የሺ ደብዳቤውን ኮቴ ኪስ ውስጥ አገኘችው። የምትሠራው ቀበሌው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ስኳርና ሳሙና ስታከፋፍል የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ትሰማለች። የባሏን ወሬ ግን ከኪስ አገኘች።

«ለሸፊ ነግረኸዋል?»

«አዎ።»

«መቼ?»

ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ውስጥ መለስኩት።

«በል ሂድ» አለችኝ። «ደብረ ሊባኖስም ሂድ፣ ጎንደርም ሂድ። እኔን ያሳሰበኝ እግርህ አይደለም።» ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ አንድ ነገር ጨመረች። አላስደገምኳትም።

ኋላ ሬዲዮኑን ከፈትኩ። መጥታ ቀነሰችው። ሬዲዮኑ ሰሞኑን ድምፁ ደክሟል።

መጋቢት 5፣ ሰኞ

ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ቤት ውሃ ገባ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ አይደል የሚሠራው። ጠዋት ሲነሳ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቷል። የተወጠረው ድር ከነጥበቡ ጭቃ ነክቶታል፤ የሠርግ ልብስ ነበር። ቧንቧው ከቤቱ ግድግዳ ሁለት ክንድ ይርቃል።

ክፍል ኃላፊያችን ኢታና መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ሠላሳ አራት ቢሆነው ነው። ተንበርክኮ አየና «ዛሬ የጀመረ አይደለም» አለ። ወደኔ አላየም።

መጋቢት 6፣ ማክሰኞ

መዝገቡን አየሁ። መጋቢት 2፣ ሽሮ ሜዳ፣ አሥራ አንደኛው መጋጠሚያ፣ ደህና። ፊርማው የኔ ነው።

የዚያን ቀን ከዘንጉ አጠገብ መኪና ቆሞ ነበር። ሞተሩ አልጠፋም።

ቆሞ ነበር መሰለኝ።

መጋቢት 18፣ እሑድ

ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር። የግራ ጉልበቴ አበጠ። የሺ በቅቤ ልሸው አለች፤ ከዚያ ጾም መሆኑ ትዝ አላትና እጇን ሰበሰበች። ቅቤ መቀባት ጾም ይሽራል አይሽርም ብለን ተከራከርን። ሸፊ በር ላይ ቆሞ፦

«የሺዬ፣ ሰው በጉልበቱ አይበላም። እሺው።»

«አንተ የኛን ጾም ምን ታውቃለህ?»

«ጎረቤት ሆኜ አርባ ዓመት ጾሜዋለሁ።»

በዘይት ታሸ።

የቀበሌ ስብሰባ ቀርቻለሁ። ይጠይቁኛል።

የሸማኔውን ጉድጓድ ትናንት ከሥራ በኋላ ሄጄ አብሬው ቀዳሁ። ውሃው ቢወጣም ወለሉ ጭቃ ነው። ሸፊ ድር ሰጠው። ሸማኔው አመሰገነኝ። ባያመሰግነኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 24፣ ቅዳሜ

ሬዲዮኑ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ይላል። መሥሪያ ቤት ስብሰባ ነበር። ኋላ ተቀመጥኩ። የተባለው ሁሉ አልደረሰኝም። ስንወጣ ኢታና በግራዬ በኩል ላለው ሰው ሲናገር ሰማሁ።

«ጋሽ ዓምሃ ጥሩ ሠራተኛ ነበር።»

ነበር። ገና ሦስት ወር አለኝ።

ሌሊቱን ያው ሕልም መጣ። ጨለማ ነው፤ የሴት ቀሚስ ጫፍ ይዤ እሄዳለሁ። እግሬን ድንጋይ ይቆርጠዋል። ማንም አይናገርም። ከድካም ነው። ብዙ የሮጥኩ ቀን ሁሉ ይመጣል።

ሚያዝያ 2፣ ፋሲካ

በላሁ። ተኛሁ። ሸፊ መጥቶ «ይሄ ነው ሯጩ?» ብሎ ሄደ።

ሚያዝያ 8፣ ቅዳሜ

ስምንቱ ቀን። ትናንት ፈቃድ ወስጄ ጫንጮ ድረስ ሄደን በአውቶቡስ ተመለስን። አርባ ገደማ። ሸፊ የመጨረሻውን ሜዳ ከኔ ቀድሞ ገባ። አንድ የእግር ጣት ጥፍሬ ጠቁሯል፤ ሌላ ምንም የለኝም። ትንፋሼ የሠላሳ ዓመት ሰው ትንፋሽ ነው። እንዲህ መጻፌ ጉራ ነው። ይሁን።

ሚያዝያ 16፣ እሑድ

ረመዳን ከገባ ሳምንት። ሸፊን ሐኪሙ «አትጹም» ብሎታል። ይጾማል። «አንተ ስትጾም ዝም ብዬሃለሁ» ይለኛል።

ዛሬ እንጦጦ ጫፍ ላይ ላብ አጠመቀው። ባሕር ዛፍ ተደግፎ ተቀመጠና የማይያያዝ ነገር ያወራ ጀመር። ኪሴ ውስጥ ስኳር ነበረኝ፤ ከየሺ ሱቅ፣ በወረቀት የተጠቀለለ። ስኳሩ ቢወርድበት ብዬ ነው የያዝኩት። አፉን ይዤ አቃምኩት። መጀመሪያ ተፋው። ሁለተኛውን ዋጠው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዓይኑ ተመለሰ።

«አስፈሰክኸኝ» አለ።

«አዎ።»

«ከአላህ ጋር ነው የነበርኩት እኮ!»

«ከእኔም ጋር ነበርክ።»

ቁልቁለቱን ሁሉ አላናገረኝም።

ሚያዝያ 20

ብቻዬን ወጣሁ። ሸፊ ሳይኖር መንገዱ ይረዝማል። ሁለት ጊዜ ዘወር ብዬ ኋላዬን አየሁ። መኪና ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ያወቅሁት አጠገቤ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሚያዝያ 23፣ እሑድ

መስጊዱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ሼኹን ጠየቅኋቸው። የታመመ ሲሻለው በሌላ ቀን ጾሞ ያወጣዋል አሉ። ሙኒያ ደግሞ እንኳን ስኳር፣ ድንጋይ ባቃመህ ብላለች።» ሙኒያ ሚስቱ ናት።

«ይቅርታ» አልኩት።

«ለምን? ጣፋጭ ነበር።»

በግራዬ ዞሮ መራመድ ጀመረ።

ግንቦት 4፣ ሐሙስ

ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ባጫ ነው።

«የጉዞው ምክንያት?»

«ሩጫ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ጓድ ዓምሃ፣ ከምን?»

«ከምንም አይደለም። እስከ ደብረ ሊባኖስ እሮጣለሁ።»

«በዚህ ጊዜ፣ በሃምሳ አምስት ዓመትዎ፣ ሩጫ ብዬ ጽፌ ማኅተም ላሳርፍበት? እኔንም እርስዎንም አብረው ነው የሚጠይቁን።»

«ሃምሳ አንድ» አልኩ።

«የቀበሌው መዝገብ ሃምሳ አምስት ይላል።»

እዚያም የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ገዳም ለመሳለም» ብሎ ጻፈ። ማኅተሙን ከመታ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገና ወረቀቱን ሲሰጠኝ አንድ ነገር አለ። ፊቱን አይቼ «አሜን» አልኩ። ትክክል ነበር መሰለኝ፤ ሳቀ።

ግንቦት 10፣ ረቡዕ

ትናንት ኢድ ነበር። ሸፊ ቤት በላን፤ ለኛ ለብቻው በክርስቲያን እጅ አሳርዶልን ነበር። ሥጋው በዛብኝ።

ዝግጅት፦ ሸራ ጫማ፣ ትርፍ ካልሲ፣ በሶ፣ ጨው፣ ስኳር፣ አንድ ኮዳ ውሃ፣ ይለፍ። ደብተሩ ይከብዳል። ሁለት ቅጠል ቀድጄ እይዛለሁ። ኢታና የሁለት ቀን ፈቃድ ሰጠኝ። «ለእኔም ይጸልዩልኝ» አለ።

ሸፊ ሱሉልታ ድረስ አብሮኝ ይሄዳል። ከዚያ በአውቶቡስ ሙከጡሪ ቀድሞ ይጠብቀኛል።

የሺ ኮቴን ዘርግታ ጀርባው ላይ ነጭ ጨርቅ እየሰፋች ነው። «መኪና እንዲያይህ» አለች። ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

ግንቦት 11፣ ሐሙስ (ከቅጠሎቹ የተገለበጠ)

11 ሰዓት። ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ተነሳን። ብርድ።

1 ሰዓት ተኩል። ሱሉልታ። ኬላው ላይ ችግር ነበር። ሸፊ ሽንት ብሎ ቀረት አለ፤ እኔ በሶምሶማ አለፍኩ። ወታደሩ በቀኝ በኩል ካለው ድንኳን ወጥቶ «ቁም» ብሏል አሉ። ሦስት ጊዜ። ሸፊ «አትተኩስ! ደንቆሮ ነው! አይሰማም!» እያለ እጁን ዘርግቶ በመሃላችን ሲሮጥ ነው ዘወር ያልኩት። ጠመንጃው ወደኔ ነበር። ወታደሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ለጋ ነው። ሸፊ ፊቱ አመድ መስሏል።

ነገሩን ለማብረድ «ደንቆሮ ነው» ማለቱ ጥሩ ዘዴ ነበር።

4 ሰዓት። ጫንጮ። ደህና ነኝ።

7 ሰዓት። ፀሐይ። ሜዳው አያልቅም። እየሄድኩ ነው፤ አልሮጥም። ሁለት ጊዜ አስመለሰኝ። የኢዱ ሥጋ አይደለም፤ በሶውን አብዝቼ ነው።

8 ሰዓት ተኩል። አንድ አውቶቡስ ቆመልኝ። ረዳቱ «ግባ አባባ፣ በነፃ» አለ። በሩን ያዝኩት። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያዩኛል። ለቀቅሁት።

10 ሰዓት ከሩብ። ሙከጡሪ። ሸፊ የተቀቀለ ድንችና ሻይ ይዞ መንገድ ዳር። «ሞተሃል ብዬ ግማሹን በላሁት።» ጫማዬን አወለቀልኝ። ካልሲው ከደሙ ጋር ተጣብቋል። ውሃ አፈሰሰበት። ከዚህ ጀምሮ አብሬህ ነኝ አለ።

ደብረ ጽጌን ሳናልፍ ጀንበር ጠለቀች። በ1947 ሳትጠልቅ ነበር የደረስኩት። ሸፊ ባትሪውን አበራ። በግራዬ።

ግንቦት 12፣ ተክለ ሃይማኖት። ገዳሙ ግቢ

የደረስኩት ማታ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ሸፊ መገንጠያው ላይ ሻይ ቤት ቀረ። ቁልቁለቱን ከምእመናን ጋር ወረድኩ። ማኅሌቱ ቆሟል፣ ግቢው ሰው ነው። ግንብ ተደግፌ ቁጭ እንዳልኩ ነጋ።

ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ አባ ብርሃኔን በበአታቸው፣ በጭቃ ጎጇቸው፣ አገኘኋቸው። ተኝተዋል። ዓይናቸው አያይም፤ እጄን ይዘው ዳበሱት። ከአፋቸው የሚወጣው ትንሽ ነው፣ አጎንብሼ ግራ ጆሮዬን ከከንፈራቸው አገጣጠምኩ።

«በምን መጣህ?»

«በእግሬ።»

«እ... አዎ። አንተ በእግርህ ነህ።»

ጉዳዬን ነገርኳቸው። የተወለድኩት በዚያ ግንቦት መሆኑን እንዲመሰክሩልኝ።

እጄን ለቀቁት። እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ።

«በዚያ ግንቦት የተወለደው ሕፃኑ ነው» አሉ። «አርባ ቀኑን ሳይደርስ። ክርስትና ሳይነሳ። ወንዙን ስንሻገር በእናትህ ጀርባ ላይ ሞተ። እስኪነጋ አዝላው ሄደች፤ አታወርደውም።»

«ትልቁስ?»

«ትልቁማ አንተ ነህ። ልሸከምህ ብል እምቢ አልክ። ቀሚሷን ይዘህ ሌሊቱን ሙሉ በእግርህ ሄድክ። አንዲት ቃል አልወጣህም። አራት ዓመትህ ነበር። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው ያነሳሁህ እኮ፤ ነጠላውን እኔ ነኝ የገዛሁት።»

ውጭ ከበሮ ይመታል። የበአቱን ግድግዳ አየሁ። ጭቃው ተሰንጥቋል።

1925። ጸሐፊው የጻፈው።

«ዲያቆኑ ይጽፍልሃል፣ እኔ ጣቴን አሳርፋለሁ» አሉ። «ስንት ይሁን? ሃምሳ አንድ ካልከኝ ሃምሳ አንድ ነው። እኔ የነገ ሰው አይደለሁም፤ ማን ይጠይቀኛል።»

ኮሚቴው ይቀበለው ነበር። ማኅተሙ እዚያው ደጃፍ ነው። አራት ዓመት።

«ይቅር አባ» አልኩ።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

እግራቸውን ስሜ ወጣሁ። ዳገቱን ለመውጣት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ልጅ ያዘሉ ሴቶች አለፉኝ።

ለሸፊ ሻይ ቤቱ ውስጥ ነገርኩት። ቀስ ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ቆይ... ዋሽቼ ነው የተቀጠርኩት ብለኸኝ አልነበረም?»

«ነበር።»

«እና እውነት ነበር የተናገርከው?»

«አዎ።»

መሳቅ ጀመረ። «አራት ዓመት ለማስቀነስ መቶ ኪሎ ሜትር ሮጠህ፣ አራት ዓመት ተጭነህ ተመለስክ!» ባለሻይ ቤቷም ሳቀች፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ። እኔም ሳቅሁ። ጎኔን አመመኝ።

ከዚያ ሸፊ ዓይኑን ጠርጎ፦ «ዓምሃ። ታዲያ ትናንት የሮጠው የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ነው።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ግንቦት 13፣ ቅዳሜ

በአውቶቡስ ተመለስን። ለየሺ ሁሉንም ነገርኳት፣ ስለ ሕፃኑም። እግሬን በሞቀ ውሃ እያጠበች ሰማች። «ያ ሕልምህ» አለች።

እንደነገርኳት አላስታውስም። በእንቅልፌ እናገራለሁ ማለት ነው።

ስለ ኬላው ግን አልነገርኳትም። ሸፊ ነግሯታል። ማታ አልጋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የሺ አታለቅስም። «ዘዴ ነበር» ብላት ይበልጥ አለቀሰች።

ግንቦት 22፣ ሰኞ

የሠራተኛ አስተዳደሯ ሴትዮ «ወረቀቱስ?» አለችኝ። «መዝገቡ ትክክል ነው» አልኳት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ አሁን የማትሰማው እሷ ናት። የጡረታ ቅጹን ሞላሁ።

ስወጣ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ዘንጉን አሥራ አንደኛው መጋጠሚያ ላይ አቁሜ ቧንቧውን በድንጋይ መታሁት። በቀኝ ጆሮዬ አደመጥኩ። ደህና። እንደገና መታሁ። ደህና። ከዚያ በግራ። ጥርሴ እስኪነቃነቅ ጮኸ።

ሠላሳ አራት ዓመት በቀኝ ነው ያደመጥኩት።

ሰኔ 6፣ ሰኞ

ሆስፒታል ነበርኩ። ሐኪሙ ከኋላዬ ቆሞ ሲያበቃ ወደፊቴ ዞረ። በቀኜ በኩል የእጅ ሰዓቱን ይዞ ነበር ለካ። ሰዓት መሆኑን ያወቅሁት ሲያሳየኝ ነው።

ኢታና ቢሮ ገባሁ። ቆሜ ተናገርኩ።

«ከመስከረም ወዲህ ‹ደህና› ብዬ የፈረምኩት ሁሉ እንደገና ይደመጥ። የሸማኔው ቤት የኔ ጥፋት ነው። መኪና አልነበረም።»

ወንበር ሳበልኝ። ጠረጴዛውን ዞሮ በግራዬ በኩል ተቀመጠ።

«ጋሽ ዓምሃ፣ ከመጋቢት ጀምሮ በማግሥቱ ከኋላዎ ሰው እልክ ነበር።»

አፈርኩ። ቀለለኝም። የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

«እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው» አለ። «መጋጠሚያዎቹን እናውቃለን። በመካከላቸው ቧንቧው በየት በየት እንደሚያልፍ ግን ካርታ የለንም። በየሰው ቤት ሥር ነው፣ በየድልድዩ ሥር ነው። የሚያውቀው የእርስዎ እግር ብቻ ነው።»

ሰኔ 24፣ ዓርብ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ዘንግ ሄድኩ። እየሄድኩ ሳልኩ። ከዚህ ደብተር አሥራ አራት ቅጠል ቀድጃለሁ። አርባ ሦስት መጋጠሚያ፣ ዘጠኝ መታጠፊያ። ሁለት ቦታ እኔ ራሴ የረሳሁት ቫልቭ ነበር፤ አንዱ የሰው ዶሮ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቷ ዶሮዎቹን እያባረረች «ይሄን ነው ድንጋይ ያልኩት!» አለች። ርቀቱን በእርምጃዬ ለካሁ። ኢታና በሜትር አስለክቶ አመሳከረው። በአንድ ኪሎ ሜትር የሳትኩት አራት ሜትር ነው።

ሰኔ 30፣ ሐሙስ

ዘንጉን አስረከብኩ። ፈረምኩ። ካርታው ኢታና ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ በላዩ «ዕለታዊ ቁጥጥር» የሚለው የደብተሩ ራስጌ ይታያል።

ቤት ስገባ ጠዋት ለሥራ የማደርገው ጫማ በር ላይ ነበር። ዓይቼው አለፍኩ።

ሐምሌ 3፣ እሑድ

ዝናቡ ሌሊት ዘንቦ ነበር። መንገዱ ጭቃ። ዛሬ የሺ አብራን ወጣች። «አንድ ቀን ልየው፣ ምን እንዳለበት» ብላ። በግራዬ በኩል ገባች።

ሸፊ ቆመ። «የሺዬ፣ ቦታዬ ነው።»

«ባሌ ነው።»

«ሁለት ዓመት ነው የያዝኩት!»

«ለምን?» አልኩት። «ለምን ሁልጊዜ በግራ?»

«በቀኝ ስለማትሰማ ነዋ።»

«ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ነግሬሃለሁ እንጂ! እዚሁ ዳገት ላይ። ሦስት ጊዜ ነገርኩህ።»

«መቼ?»

«በቀኝህ ሆኜ።»

የሺ እንጦጦ ማርያም ድረስ ሳቀች። ለአንድ ቀን ብላ የመጣች ሴት ዳገቱን ከእኛ ቀድማ ወጣች።

ከተራራው ላይ ሸፊ ወደ ሰሜን እያየ፦ «ፍቼ ከገዳሙ መገንጠያ ስንት ይርቃል?»

«አሥር።»

«በሃምሳ ስድስት ዓመትህ ይቻላል?»

ጉልበቴን አጠፍኩት፣ ዘረጋሁት። ከመስከረም ጀምረን እናያለን አልኩ።